ካንዴላው ረጥቧል ወይስ ደርቋል?

በብርድ ጠዋት አልነሳ ስለሚል ባጃጅና ሞተር ሳይክል፣ ለሱሉልታ አሽከርካሪዎችና ጋራዥ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ኅዳር ከገባ ጀምሮ እስከ ጥር ማብቂያ በዚህ በሱሉልታ ሜዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች አሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ መንገድ ዳር ቆሟል። ባጃጁ ግን ገና ግቢ ውስጥ ነው፤ ሞተሪኖው (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) ያጉረመርማል፣ ይደክማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ቾክ ይስባል፣ ሌላው ነዳጅ ይሰጣል፣ ሦስተኛው ካቻቢቴ ይዞ የካርቡራተሩን (የቤንዚንና አየር መቀላቀያውን) ብሎን ያዞራል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሞተሩ ድንገት ይነሳል። ለምን እንደ ተነሳ አልታወቀም፤ ለምን አልነሳ እንዳለም አልታወቀም። በማግስቱ እንደገና ከዚያው ይጀመራል።

ዛሬ የምንለው ነገር ሁሉ በአንድ ሥራ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ሞተሩ አልነሳ ካለ፣ ማንኛውንም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ አውጥታችሁ እዩት። ረጥቦ ከወጣ ቤንዚኑ ደርሷል፤ ችግሩ የነዳጅ መብዛት ወይም የእሳት ማነስ ነው። ደርቆ ከወጣ ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና መቀየር ምንም አይፈይድም። ይህን ሳያዩ የሚፈታ ካርቡራተር ሁሉ በግምት የተፈታ ነው።

ብርዱና ከፍታው

ሁሉም ሰው የሚያማው ብርዱን ነው። ሱሉልታ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ነው ያለችው፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በባሕር ወለል 1,013 ሄክቶፓስካል የሚሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 740 ይወርዳል። አንድ ሲሊንደር በአንድ ምት የሚስበው አየር በጅቡቲ ወደብ ከሚስበው በሩብ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ካርቡራተር ይህን አያውቅም። በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ፍጥነቱ ያው ነው፤ የሳሳው ክብደቱ ነው። በስሌት ስናየው አየሩ በ27 በመቶ ሲቀንስ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን የሚቀንሰው በ15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ሱሉልታ ሲመጣ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። የባጃጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት የሕንዷ ፑኔ ከፍታዋ 560 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ በልኩ የሆነው እዚህ ይበዛል።

ብርዱ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ሞተር የሚያቃጥለው ፈሳሽ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱን ነው። በ3 ዲግሪ ከቤንዚኑ ብዙው ሳይተን ይቀርና በቀዘቀዘው የመምጠጫ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከብዙ ቤንዚን ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ቢተን ለማቀጣጠል ይበቃል ከሚል። ቀዝቃዛ አየርም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በ3 ዲግሪ ያለው አየር በ23 ዲግሪ ካለው ወደ 7 በመቶ ይከብዳል። እንግዲህ ጠዋት ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ከፍታው ደግሞ ቀድሞውኑ አብዝቶለታል። የሱሉልታ ሞተር ቾክ ያስፈልገዋል፤ ግን ለአጭር ጊዜ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካናዳ በበረዶ ላይ የሚነዳ፣ ስኖውሞቢል የሚባል ሞተር አለ፤ ፊቱ በሸርተቴ፣ ኋላው በሰፊ የጎማ ሰንሰለት የሚሄድ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው የሚያስነሱት። ካርቡራተር ላላቸው ስኖውሞቢሎች አምራቾቹ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ በአንድ በኩል ከፍታ፣ በሌላ በኩል የአየሩ ሙቀት፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ የሚገባው የነዳጅ ቀዳዳ ቁጥር ተጽፏል። ሲበርድ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ተራራ ሲወጣ ይጠባል። የእኛ ባጃጆች ሰንጠረዥ የላቸውም፤ ሕጉ ግን ያው ሕግ ነው።

አነሳሱ

መጀመሪያ ቀላሎቹን እዩ። የነዳጁ መክፈቻ ክፍት ነው? በሞተር ሳይክል መሪ ላይ ያለው ቀይ ማጥፊያ በቦታው ነው? መብራትና ቴፕ ጠፍተዋል? ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ቁልፉን ሳትከፍቱ፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ስባችሁ፣ በኪክ ወይም በባጃጁ የእጅ ማስነሻ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ አዙሩት። ይህ የረጋውን ዘይት ያላቅቃል፣ ሲሊንደሩም የመጀመሪያ ትነቱን ያገኛል። ሞተር ሳይክል ከሆነ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁም ፍሪሲዮኑን ያዙ፤ በብርድ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች በወፍራም ዘይት ተጣብቀው ስለሚያድሩ ፍሪሲዮኑን መያዝ ሸክሙን ይቀንሳል። አሁን ቁልፉን ከፍታችሁ አስነሱ። እጃችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳይሆን።

ነዳጅ አትስጡ የምንልበት ምክንያት አለ። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ቾክ የምንለው ነገር አየር የሚዘጋ ክዳን አይደለም። በካርቡራተሩ ጎን ያለች ትንሽ ተጨማሪ የቤንዚን መንገድ የምትከፍት ዘንግ ናት። በዚያች መንገድ ቤንዚን የሚሳበው ከካርቡራተሩ ኋላ ባለው የመምጠጥ ኃይል ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የካርቡራተሩ በር ይከፈትና ያ የመምጠጥ ኃይል ይወድቃል፤ ቾኩ ተስቦም ሥራውን አይሠራም። አንድ እጅ ቾክ ስቦ ሌላው እጅ ነዳጅ ሲሰጥ፣ አንዱ እጅ የሠራውን ሌላው እያፈረሰው ነው።

ከተነሳ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በኋላ ቾኩን ወደ ግማሽ መልሱ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዝጉት። በአምስት በስድስት ሙከራ ካልተነሳ ግን ቾኩን ዝጉና ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ሞክሩ። ሞተሪኖ የምትጠቀሙ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ አይለፍ፤ በመካከሉ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። አሁንም እምቢ ካለ አቁሙ። የካንዴላ ቁልፉን አምጡ።

ረጥቦ ሲወጣ

ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ወይም በእፍታ አጽዱ። በሱሉልታ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አቧራ ሥሩ ተከማችቷል፤ ወደ ሲሊንደር ከገባ የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ይበላል። ሲወጣ ጫፉን እዩ፣ አሽትቱ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ዳብሱት። ቤንዚን ከሆነ ይሸታል፣ ወረቀቱ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ዘይት ከሆነ ወረቀቱ ላይ የማይጠፋ ቅባት ይተዋል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ከታች እንመጣበታለን።

ቤንዚን ከሆነ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ማድረቅ ነው። የነዳጁን መክፈቻ ዝጉ፣ ቾኩን ዝጉ፣ ቁልፉን አጥፉ። የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አያይዙት። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዛችሁ ስምንት አሥር ጊዜ በኪክ አዙሩ። በሩ ሙሉ ሲከፈት ብዙ አየር ይገባል፣ ቤንዚን የሚስበው ኃይል ግን ይደክማል፤ የገባው አየር እርጥበቱን በካንዴላው ቀዳዳና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ይዞ ይወጣል። ካንዴላውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት ወይም ሌላ ደረቅ ግጠሙ። በእሳት ላይ አታግሉት፤ ነጩ ሸክላ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል።

ለምን ረጠበ? አንደኛው ምክንያት ከላይ ያልነው የቾክ አጠቃቀም ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው፤ የቾኩ ገመድ። አቧራና ዝገት የያዘው ገመድ በብርድ ይጠነክርና እጀታውን ብትመልሱትም ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ዘንግ አትመለስም። እጀታው ተዘግቷል ይላል፣ መንገዷ ግን ክፍት ናት። ጣታችሁን ካርቡራተሩ ላይ ባለችው ዘንግ ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው እጀታውን ይሳብና ይልቀቅ። ካልተመለሰች ገመዱን አውጥታችሁ አጽዱ፣ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቡበት፤ የተበጣጠሰ ከሆነ ቀይሩት። ሦስተኛው በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ፣ ጋሊጃንቴው ነው። ከሥሩ ያለችው መርፌ ቆሻሻ ይዛት ካልዘጋች ቤንዚን ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ጠዋት ከካርቡራተሩ ሥር መሬቱ እርጥብ ከሆነ ወይም የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ቤንዚን የገባበትን ዘይት ሳትቀይሩ ሞተሩን አታስነሱ። አራተኛው የአየር ፊልትሮ ነው። በከፍታው ምክንያት አየር ላነሰው ሞተር አቧራ የጠጣ ፊልትሮ አፍንጫውን እንደ መያዝ ነው። ካንዴላው ረጥቦ ሳይሆን በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ተሸፍኖ ከወጣ ደግሞ ለብዙ ቀናት ሲበዛበት ቆይቷል፤ ከፊልትሮው ጀምሩ።

አምስተኛው የእሳት ማነስ ነው፤ እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚሠራ ስህተት አለ። ካንዴላውን አውጥቶ ከብረቱ አስነክቶ ሲያዞሩት ብልጭ ይላል፤ «እሳት አለው» ይባልና ወደ ካርቡራተር ይኬዳል። በውጭ አየር ላይ የ0.7 ሚሊሜትር ክፍተት ለመዝለል ከ2 እስከ 3 ሺህ ቮልት ይበቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን አየሩ ተጨምቆ ስለሚጠብቀው ያንኑ ክፍተት ለመዝለል ብዙ እጥፍ ቮልት ያስፈልጋል። የደከመ ቦቢና ውጭ ላይ ብልጭ ብሎ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። የተሻለው መፈተሻ ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የብልጭታ ማስፈንጠሪያ መሣሪያ ነው። ያን ክፍተት ሰማያዊ ሆኖ፣ ጠሽ እያለ ከዘለለ ደህና ነው። ብጫ ሆኖ ከቀጠነ ወይም አንዴ ዘሎ አንዴ ከቀረ ደካማ ነው። ስትፈትሹ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው፣ ይያያዛል።

ቦቢና ከመግዛታችሁ በፊት የካንዴላውን ቆብ በቴስተር ለኩ። በውስጡ ተቃውሞ ያለው ቆብ ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ 20 ወይም 30 ካሳየ ወይም ጨርሶ ካላነበበ አልቋል። የገመዱን ጫፍ ግማሽ ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ ቆቡን እንደገና ብታጠብቁ ብቻ የሚድን ሞተር ብዙ ነው። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ በክፍተት መለኪያ፣ በፊለር፣ ለኩት እንጂ በዓይን አትገምቱ። ስትመልሱት እስኪይዝ በእጅ አዙሩ፤ አዲስ ከሆነ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር በቁልፍ፣ ያገለገለ ከሆነ ግን ጠበቅ እስኪል ጥቂት ብቻ። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጥርስ አልሙኒየም ነው፤ በጉልበት የተበላሸ ጥርስ ከካንዴላው ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ደርቆ ሲወጣ

እዚህ ጉዞው ከታንከሩ ወደ ታች ነው። የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር ሲስብ «ፍሽ» ካለ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፤ ቤንዚኑ ሊወርድ ያልቻለው ለዚህ ነው። ካላለ ወደ ካርቡራተሩ ውረዱ። ከሥሩ የማፍሰሻ ብሎን አለ። ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ ያዙና ብሎኑን ፍቱ።

ምንም ካልወረደ መክፈቻው፣ ፊልትሮው ወይም ቱቦው ተደፍኗል። ከወረደ ግን ጠርሙሱን ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡና በብርሃን እዩት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ካለ በጠርሙሱ ሥር እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይታያል። እዚህ አገር ቀኑ ይሞቃል ሌሊቱ ይበርዳል፤ ግማሽ ባዶ የሆነ ታንከር ቀን ይተነፍሳል፣ ሌሊት እርጥብ አየር ስቦ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ወደ ሥር ይወርዳል። በዚህ ላይ ነዳጁ ኢታኖል ካለበት ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ ኢታኖል በቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ተጀምሮ ኋላ ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኢታኖል ውሃን ይዞ ይቆያል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንና ሲበርደው ግን ሁለቱ አብረው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ሥር ይወርዳሉ። የካርቡራተሩ ቀዳዳዎች የሚጠጡት ደግሞ ከሥር ነው። አመዳይ በጣለበት ሌሊት ያ ጠብታ ወደ በረዶ ተለውጦ ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል፤ ረፋድ ላይ በራሱ የሚነሳ ሞተር አንዱ ምሥጢሩ ይህ ነው። መድኃኒቱ ማታ ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር ነው፤ ሞልቶ ያደረ ታንከር ጤዛ የሚሠራበት አየር የለውም። በሳምንት አንድ ጊዜም የማፍሰሻውን ብሎን ከፈት አድርጎ ጥቂት ማፍሰስ ነው።

ንጹሕ ቤንዚን ወርዶም ካንዴላው ደረቅ ከሆነ የቀረው የሚኒሞ ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ነሐስ) ነው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ሞተር ሲነሳና በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ሲሠራ የሚመገበው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ስትደፈን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በመንገድ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ጠዋት ግን አይነሳም። በካርቡራተር ማጽጃና በአየር ግፊት አጽዷት። በሽቦ አትንኳት! ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ አንዴ ከገባበት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ በልኩ አይመጥንም።

በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን የጎማ ማገናኛም እዩ። ያረጀ ጎማ በብርድ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ የውሸት አየር ያስገባል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ በጎማው ዙሪያ ርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። ቤንዚን ወይም ማጽጃ መርጨት ግን የጋለ ሞተር አጠገብ እሳት መለኮስ ነው።

ባትሪ

ባትሪ ከካንዴላው ጋር አብሮ የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም በአንዳንድ ሞተሮች የካንዴላው እሳት ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሪኖው ያለውን ሁሉ ይጠጣውና ለካንዴላው አይተርፍም። ምልክቱ ይህ ነው፤ በሞተሪኖ አይነሳም፣ በእጅ ማስነሻ ግን ይነሳል።

ማታ ካቆማችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ በቴስተር ለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ጠዋት ሞተሪኖውን እያዞራችሁ ስትለኩ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ ሳይሞላ አድሯል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት፤ 12 ላይ ከቀረ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ ባትሪውን የማይሞላው ቻርጅ የሚያደርገው ሲስተም ነውና። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪ በሞቀ ቀን ከሚሰጠው ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። ዘይቱም በወፈረበት ሰዓት ነው ይህን የሚያጣው። በአጭር በአጭር መስመር የሚመላለስ፣ ቀኑን ሙሉ ትልቅ ስፒከር የሚያሠራ ባጃጅ ማታ ግማሽ ባትሪ ይዞ ነው የሚገባው።

የባትሪው ጫፎች ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ፈታችሁ በቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠ ለብ ያለ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ አጥብቁ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡ። ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቁ። ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረውን የመሬት ገመድም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚላላው እሱ ነው። ውሃ ሲያንሰው የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። አሲድ የሚጨምሩ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ያነቃዋል፣ ሳህኖቹን ግን ይበላቸዋል።

ዘይትና እመቃ

ዘይት ላይ አንረዝምም። ከቁጥሩ ጋር ያለው «ደብልዩ» የብርዱን መለኪያ ነው፤ 20 ደብልዩ ከዜሮ በታች በ15፣ 10 ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች በ25 ዲግሪ ተፈትኖ ያለፈ ነው። በሱሉልታ ብርድ 20 ደብልዩ 50 አይረጋም፤ ግን በ40 ዲግሪ ከነበረበት ከ10 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ችግር የለም። የማኑዋሉ ሰንጠረዥ ለብርድ ቀጭን ዘይት የሚፈቅድ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር 10 ደብልዩ 40 ማድረግ ሞተሪኖውን ያግዛል። ፍሪሲዮኑ በሞተር ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ግን ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል መኖሩን እዩ፤ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል።

አሁን ስለ እመቃ፣ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ስለሚጨምቅበት ኃይል፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለጥፋቱ የሚበተነው እዚህ ነውና ጆሮ ስጡን። እመቃ በጌጅ ሲለካ ማኑዋሉ የሚሰጠው ቁጥር በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በባሕር ወለል 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ሱሉልታ ላይ 8 ባር ገደማ ያሳያል። ፋሻው አልተበላም፤ የሚታመቀው አየር ነው ያነሰው። «ሦስት ባር ጎድሎታል» ተብሎ ቴስታታው የሚወርድበት ሞተር ምንም ሕመም ላይኖረው ይችላል። ስትለኩ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ይከፈት፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ከማኑዋሉ ቁጥርም ሩቡን ቀንሳችሁ አነጻጽሩ። ከዚያም በታች ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊሊትር ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አንጠባጥባችሁ እንደገና ለኩ። ከጨመረ ያለቀው ፋሻ ነው፤ ያ በካንዴላው ላይ ያያችሁት ዘይትም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ካልጨመረ አየር ወደሚያስገባውና ጭስ ወደሚያስወጣው በር፣ ወደ ቫልቭ ሂዱ።

ቫልቭ ከሆነ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቴስታታ ማውረድ ሳይሆን ክፍተቱን ማስተካከል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት፣ ፒስተኑ የእመቃው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ በፊለር ይለካል። በትንንሽ ሞተሮች ክፍተቱ የሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 0.05፣ 0.08፣ 0.10 ዓይነት፤ የየሞተሩን ልክ ከማኑዋሉ ውሰዱ። ክፍተቱ ካለቀ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አየሩ ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም፤ በጠዋት ብርድ በዝግታ ሲዞር ግን ያመልጣል። በግፊ ወዲያው የሚነሳ፣ በሞተሪኖ ግን የማይነሳ ሞተር ባትሪው ደህና ከሆነ ቫልቩን ማየት ተገቢ ነው።

ሲነሳና ከተነሳ በኋላ

ከሞተሩ ሥር ከሰል ወይም ወረቀት ማንደድ የለመዱ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ካርቡራተሩ ያንጠባጥባል፣ የባጃጁ ሸራ በእፍኝ ቤንዚን ይያያዛል። ማሞቅ ካስፈለገ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቃችሁ በካርቡራተሩ አካል ላይ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፤ የበረደውን ቤንዚን ለማትነን ይህ ይበቃል። በአየር ማስገቢያው ቤንዚን መጨመርም እሳቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ፊት ያቃጥላል።

ሌላው ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ነው። ሌባ በመፍራት ባጃጁን ክፍል ውስጥ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ የሚያሳድር ብዙ ሰው አለ፤ ክፍሉ ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰንም አለ። በቾክ የሚሠራ ቀዝቃዛ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ በተዘጋ ክፍል በደቂቃዎች ይገድላል። በር ከፈት ማድረግ አይበቃም። መጀመሪያ ገፍታችሁ ወደ ግቢ አውጡ፣ ከዚያ አስነሱ። ልጆች በሚተኙበት መስኮት ሥርም አታሙቁ።

ከተነሳ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፤ ዘይቱ ላይ እስኪደርስ ነዳጅ እየሰጣችሁ አታስጩኹት። ከዚያ በዝግታ ሂዱ፤ ቆሞ ከሚሞቀው እየሄደ የሚሞቀው ይሻላል።

ተነስቶ፣ አምስት ደቂቃ ሄዶ፣ በተለይ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋና አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚነሳ ሞተርስ? ይህ ካንዴላም ቦቢናም ላይሆን ይችላል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ከውጩ አየር በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አየሩ 5 ወይም 10 ዲግሪ ሆኖ እርጥብ ከሆነ ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይጋገራል፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሥራ ስለማይበዛበት የሚያቀልጠው ሙቀት የለም። ሲቆም የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ይመጣና በረዶው ይቀልጣል፤ ማስረጃው ውሃ ሆኖ ይጠፋል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ወዲያው እንደ ጠፋ የካርቡራተሩን አካል በእጁ ይንካ፤ እርጥብና እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሞተሩ በደንብ ይሙቅ።

የጄት መለወጥን የምትጠይቁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ብቻ ለሚሠራ ሞተር ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር ማሳነስ ትርጉም አለው። ፊልትሮው፣ ቾኩና ጋሊጃንቴው ጤነኛ መሆናቸው ከታየ በኋላ ግን ነው፤ ካንዴላውም በሞቀ ሞተር ከረጅም መንገድ በኋላ ወጥቶ ጥቁር ሆኖ ከተገኘ። ወደ ደብረ ዘይትና ወደ ናዝሬት የሚወርድ ሞተር ግን ባለበት ይቆይ፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተርም ከልክ በላይ ይግላል። የሚኒሞ ቅልቅል ብሎኑን ስትነኩ መጀመሪያ እስኪቆም በቀስታ አስገቡት፣ ስንት ዙር እንደ ገባም ቁጠሩ፤ አንድ ተኩል ይሁን ሁለት ከሩብ። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በነጭ ፕላስተር ጽፋችሁ ከመቀመጫው ሥር ለጥፉት። ያኔ ካንዴላው በሚቀጥለው ጠዋት ረጥቦም ደርቆም ቢወጣ፣ ወደ ነበረበት መመለስ ትችላላችሁ።